የአባ ነገ እሳት

የካን ዛሬ የምታዩት ባሕር ዛፍ ለብሶ ነው። እኔ በጎልማሳነቴ የማውቀው የካ ግን ራሰ በራ ነበር፤ ራሰ በራ ያደረግነውም እኛው ነን። ከንጉሡ ጋር እንጦጦ ላይ በሰፈርንበት ዘመን ጥዱንም ወይራውንም ለጎጆና ለማገዶ እየቆረጥን ጨረስነው። መጨረሻ ላይ ሴቶቹ አንድ ድስት የሚያበስል ጭራሮ ፍለጋ ግማሽ ቀን ይሄዱ ጀመር።

የልጅ ልጆቼ «አባባ፣ የጦር ሜዳውን ነገር ይንገሩን» ሲሉኝ የምጀምረው ከእንጨት ነው። ቅር ይላቸዋል። ጎራዴና ፈረስ ይጠብቃሉ። ፈረሱም ይመጣል፤ ግን ያለ እንጨቱ የካ ላይ የሆነው ነገር አይገባም። እናንተም ታገሡኝ።

ትእዛዙ የመጣው ከፋሲካ በኋላ ነው። ንጉሡ ከአዋሽ ማዶ ሊዘምቱ ክተት ታወጀ፤ ነጋሪት ተጎሰመ። እኛ ጎራዴያችንን ስለን፣ ስንቃችንን ቋጥረን ስማችን እስኪጠራ ስንጠብቅ «እናንተ ሰፈር ጠባቂ ናችሁ» ተባልን። ያን ጊዜ ለወጣት ወታደር ከዚህ የከፋ ቃል አልነበረም። ዘማቹ እየፎከረ ቁልቁል ሲወርድ እኛ ከሴቶቹና ከሽማግሌዎቹ ጋር አጥር ሥር ቆመን አየነው። አንዱ የማውቀው ሰው ከፈረሱ ላይ ሆኖ «ዘውዴ፣ ድስቱን በደንብ ጠብቅ!» ብሎኝ አለፈ። ዘውዴ እኔ ነኝ። ያ ሰው ከዘመቻው በደኅና ተመልሶ እስኪያረጅ ድረስ ይችን ነገር አስታውሼ እወቅሰው ነበር።

የሰፈሩ ጥበቃ አለቃ ሻምበል ተክሌ ነበሩ። አጭር፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው የነበሩበት ሰፈር ሳይታሰብ ተወርሮ ሲቃጠል አይተዋል ይባላል፤ እሳቸው ግን አንድም ቀን አውርተውት አያውቁም። አውርተውት ባያውቁም ከአኗኗራቸው ይታወቃል። ውሃ ሲቀዳ «ለነገስ?» ይላሉ። እህል ሲሰፈር «ለነገስ?» ይላሉ። አንድ ጊዜ እንዲያውም ሠርግ ላይ ሙሽራው ከመቀመጡ በፊት ዳሱ ቢያዘነብል ሰው በየት እንደሚወጣ ሲያዩ ደረስንባቸው። እኛም የፈረስ ስም አወጣንላቸው፤ አባ ነገ አልናቸው። ሰምተዋል፤ አልከፋቸውም። «ሳይቃጠል በቅጠል» ይሉና ዝም ይላሉ።

የሚያሳስባቸው ነገር ደግሞ በእርግጥ ነበር። ከንጉሡ ተጣልቶ የሸፈተ አንድ መኮንን በምሥራቅ በኩል ቆላው ውስጥ ተቀምጧል። ስሙን አልጠራም፤ ልጆቹ ዛሬ ጎረቤቶቼ ናቸው፣ ደግ ሰዎችም ናቸው። ይህ ሰው ብዙ ፈረሰኛ ነበረው። ንጉሡ ከራቁ የጎተራውን እህልና በግምጃ ቤት የቀረውን ጥይት ሊዘርፍ እንደሚመጣ ሁሉም ይጠረጥር ነበር።

ሻምበል መላቸውን በግንቦት ወጠኑ። ከምሥራቅ ወደ እንጦጦ ሸንተረር የሚያወጣው መንገድ የካ ጫፍ ላይ በሁለት ቋጥኞች መካከል ይጠብባል። «በሩ» እንለዋለን። ስናድር ጠመንጃ የታጠቁ አራት ሰዎች በሩን ቢይዙት ብዙ ፈረሰኛ ያቆማሉ፤ ግን ጥይታቸው እስኪያልቅ ብቻ ነው። ስለዚህ እዚያ አራት ሰው ተመደበ። ከጎናቸው የደረቀ እንጨት ተከመረ። ሌላ ክምር ደግሞ ከሰፈራችን ምሥራቅ ጫፍ፣ የካን ፊት ለፊት ከሚያየው ሜዳ ላይ ተከመረ። ሻምበል ሁላችንንም ሰብስበው ሥርዓቱን ነገሩን።

«የካ ያላችሁ ጠላት ስታዩ እሳት አንድዱ። እኛ ስናይ ከዚህ ሜዳ ላይ መልስ እናነዳለን። መልሱን ካያችሁ በሩን ያዙ፤ እየመጣን ነው። መልስ ካላያችሁ ግን አላየናችሁም ማለት ነው። በከንቱ አትሙቱ፤ በገደሉ ወርዳችሁ ነፍሳችሁን አድኑ።»

የየካው ጓድ አለቃ ገመዳ «ጉም ቢሆንስ፣ ጌታዬ?» አለ።

«ጉም ከሆነ ተኩሱ።»

«ጥይት ለድምፅ?» አለ ገመዳ፤ ፊቱን አጨማዶ። ሁላችንም ሳቅን።

የሳቅነው ገመዳን ስለምናውቀው ነው። ገመዳ የየካ ልጅ ነው፤ የአባቱ ማሳ ከኮረብታው ግርጌ ነበር። ኦሮምኛውም አማርኛውም አፍ የፈታበት ነው፤ ሲቆጣ በአንዱ ይጀምርና በሌላው ይጨርሳል። እህቴን የሺን አግብቶ አማቼ ሆነ፤ ከዚያ በፊትም ባልንጀራዬ ነበር። እጁ ለሰው የተዘረጋ ነው፤ ያለውን ያካፍላል። በጥይት ብቻ ግን እንደ እሱ ያለ ቋጣሪ አላየሁም። እያንዳንዷን ጥይት በቁራጭ ቆዳ ጠቅልሎ ነው ዝናሩ ውስጥ የሚያስቀምጣት። አንድ ቀን ጅብ በጉን ሲወስድበት በድንጋይ እየወረወረ ገደል ድረስ ተከተለው እንጂ አልተኮሰም። «ምነው ብትተኩስበት?» ስለው «በግ ይወለዳል፤ ጥይት አይወለድም» አለኝ።

መላው የወታደር ብቻ አልነበረም። ነጋሪቱ በችኮላ ከተመታ ሴቱ፣ ሕፃኑና ሽማግሌው ሁሉ ከሰፈሩ በስተ ምዕራብ ወዳለው የድንጋይ ካብ እንዲገባ ተወሰነ። የትኛው ጎጆ በየትኛው መንገድ እንደሚሄድ፣ ማን ውሃ፣ ማን እህል፣ ማን የማይራመድ ሰው እንደሚይዝ ተነገረ። መነገሩ አልበቃቸውም፤ ያለማምዱን ጀመር። ልብስ እየታጠበ፣ ጠላ እየተጠመቀ ሳለ ነጋሪት ይመታል፤ ሰው እየተራገመ ይወጣል፤ ይቆጠራል፤ እየተራገመ ይመለሳል። ጠላ ሻጯ እማማ ወርቄ አንድ ቀን ከመንገድ ዳር ተቀምጠው «ልጄ ተክሌ፣ ጠላቱ ሲመጣ አስጠራኝ፤ እስከዚያ የጠላ ጋኔን ላጥንበት» አሏቸው። ሻምበል እጃቸውን ይዘው አነሷቸውና እስከ ካቡ ድረስ ደግፈው ወሰዷቸው። እማማ ወርቄ መንገዱን ሁሉ ሰደቧቸው።

ክረምቱ መጣ። ንጉሡ ከሰኔ በፊት ይመለሳሉ ተብሎ ነበር፤ ዝናቡ ቀደመ። አዋሽ ሞላ። ጦሩ ከወዲያ ማዶ ቀረ። ሚስቶቹ በየቀኑ ወደ ደቡብ እያዩ የማይታይ ሰው ይፈልጋሉ።

የእንጦጦን ክረምት ያልኖረበት አያውቀውም። ጉሙ ከጎጆው ገብቶ አብሮ ይተኛል። ልብስ አይደርቅም፤ ማገዶ አይነድም። ሻምበል ግን ለምልክቱ እንጨት ክዳን አሠሩለት። አዎ፣ የሣር ክዳን! እኛ በሚያፈስ ጎጆ እየተገላበጥን እንጨቱ በደረቅ ያድራል። ክዳኑን እንድጠግን ስታዘዝ «እንጨቱ ሚስት ይዳርለት እንጂ፣ ቤትማ ሠርቷል» ብዬ አጉረመረምኩ። ሰምተውኝ ኖሮ «ሚስቱማ እሳት ናት፤ አንድ ቀን ትመጣለች» አሉኝ። ሲቀልዱ የሰማኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ያ ክረምት ከነችግሩ ዛሬ ሲታወሰኝ ደስ ይለኛል። እህል ነበረን። ገመዳ ከየካ ተራው ሲያልቅ ወደ ሰፈር ይወጣል፤ እርጥብ ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ እሳት ዳር ይቀመጣል፤ የሺ ትቆጣዋለች፣ እሱ ይስቃል። የአባቱን የገብስ ቆሎ ከኪሱ እየዘገነ ለሁላችን ያድላል። «መስከረም ሲጠባ የየካን አበባ አሳይሃለሁ፤ እናንተ እንጦጦዎች አበባ አታውቁም» ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው። መስከረም ሲጠባ የየካ ግርጌ ቢጫ ይሆናል።

መስከረም ጠባ። ዝናቡ ግን አላቆመም። እስከ ደመራው ዕለት ድረስ ዘነበ።

ደመራ ሁልጊዜ የሚተከለው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ነበር። ግቢው በሸንተረሩ ወዲያኛው ጎን ስለሆነ ከየካ አይታይም። በዚያ ዓመት ግን ግቢው ጭቃ ሆኖ ሰው የሚያቆም አልሆነም፤ የመጣውም እንጨት ሁሉ ርጥብ ነው። ካህናቱ ተጨነቁ። ይሄኔ ሴቶቹ ተሰብስበው ወደ ሻምበል መጡ። እህቴም ነበረችበት። ደመራው ከምሥራቁ ሜዳ ላይ፣ በደረቁ እንጨት እንዲሆን ለመኑ።

«ሜዳው ከፍታ ነው፤ እሳቱ ከሩቅ ይታያል» አለች አንዷ። «ከአዋሽ ማዶ ሆነው ቢያዩትስ?»

ከአዋሽ ማዶ አይታይም። እሷም ታውቃለች፣ ሻምበልም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። ማንም ግን አይታይም አላላትም።

ሻምበል ወደ ክምሩ ዞረው አዩ። ከዚያ «እንጨቱን ነገ ትተኩልኛላችሁ» አሉ።

«እንተካለን!» ተባለ፤ እልልታ ሆነ።

አጠገባቸው የነበርኩት እኔ ነኝ። «የካ ላሉት ይነገራቸው?» ብዬ ጠየቅሁ። ወደ ሰማይ አዩ፤ ዝናቡ ገና እየወረደ ነው፣ መንገዱም ድጥ ነው። «ደመራ መሆኑን እነሱም አያጡትም። ነገ ጠዋት የበዓል ምግባቸው ሲሄድ ይነገራቸዋል» አሉ። ልክ መሰለኝ። ለሁላችንም ልክ መሰለን። ነገን ሁልጊዜ ዛሬ የሚሠሩት ሰው በዚያን ቀን ብቻ ለነገ አሳደሩት።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አባራ። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ሰማዩ ጠራ፤ ከክረምቱ ወዲህ እንደዚያ ጠርቶ አላየሁትም። ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ፣ ችቦ ይዞ ሜዳው ላይ ወጣ። ካህናቱ ደመራውን ዞሩ። ከታች፣ በየገበሬው ደጅ፣ አንድ ሁለት እያለ እሳት መታየት ጀመረ። የየካ ግርጌ ብልጭ ብልጭ አለ።

ከዚያ የካ ጫፍ ላይ አንድ ትልቅ እሳት በራ።

«እነ ገመዳ ቀደሙን!» አለ አንዱ። ሳቅ ሆነ። ሻምበል ዓይናቸውን አጥብበው «ከጫፉ ላይ ነው ወይስ ከሥሩ?» አሉ። «ደመራቸው ነው ጌታዬ፤ ዛሬ የማያነድ ማን አለ?» አልናቸው። ብዙዎች አንድ ላይ ነው የመለስን። ካህናቱ እስኪጨርሱ እንኳ አልታገሥንም፤ የየካ ሰዎች እንዳይበልጡን ብለን ችቦዎቻችንን ወረወርን። የሣር ክዳን ሲጠብቀው የከረመ እንጨት ነው፤ በአንድ አፍታ ተንቦገቦገ። እልል አልን። እህቴ የሺ ከፊቴ ሆና ወደ የካው እሳት እጇን እያወዛወዘች እልል ትል ነበር።

ጥቂት ቆይቶ የተኩስ ድምፅ መጣ። ሩቅ ነው። አንድ፤ ከዚያ ደግሞ ሌላ።

«ገመዳ ለበዓል ተኮሰ!» ተባለ። «እንግዲህ ስምንተኛው ሺህ ደረሰ!» አለ አንዱ፤ ሁላችንም ተንከተከትን። እኔም ሳቅሁ።

ሻምበል ብቻ አልሳቁም። በደመራው ብርሃን ፊታቸው ሲለወጥ አየሁት።

«ገመዳ ጥይት አያባክንም» አሉ።

ድምፃቸው እንደወትሮው ዝቅ ያለ ነበር፤ ግን አጠገባቸው ያለነው ሁሉ ሰማን። ሳቁ እንደተቆረጠ ገመድ ቆመ። ሦስተኛው ጥይት ተሰማ። ከዚያ ተከታተለ።

«ነጋሪት!» አሉ።

የሚቀጥለውን በአጭሩ ልንገራችሁ፤ የሆነውም በአጭር ጊዜ ነው። ነጋሪቱ ተመታ። ሕዝቡ ወደ ምዕራብ ሄደ። የጮኸ አልነበረም፤ የተጋፋም አልነበረም። ያ ሁሉ የተራገሙበት ልምምድ እግራቸው ውስጥ ገብቶ ኖሯል። እማማ ወርቄ አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ እየመሩ በአጠገቤ አለፉ፤ ልክ በተነገራቸው መንገድ። እኛ ነፍጣችንን አንሥተን በሸንተረሩ ላይ ወደ ምሥራቅ ሮጥን።

መሬቱ ድጥ ነበር። እንወድቃለን፤ እንነሣለን። በሁለቱም ጎናችን፣ ከታች፣ የገበሬው ደመራ ሁሉ ይነድዳል። የትኛው እሳት በዓል እንደሆነ፣ የትኛው ጥሪ እንደሆነ መለየት አልተቻለም። በሩጫችን መካከል የየካው ተኩስ እየሳሳ ሄደ። «እየቆጠበ ነው» አልኩ ለራሴ። «ገመዳ ነው፤ ይቆጥባል።» ይህን እያልኩ ሮጥኩ።

ከዚያ ተኩሱ ዝም አለ።

ደረስን። ሽፍቶቹ በሩን ገና ማለፋቸው ነበር። ፈረሶቻቸው በቋጥኞቹ መካከል ተጨናንቀው ወደፊትም ወደኋላም እንቢ ብለዋል። ከላይ ሆነን ተኮስን። ፈረስ ወደቀ፤ በላዩ ሌላ ወደቀ። መንገዱ ተዘጋ። በጎራዴ የመጡብንም ነበሩ። ከጎኔ የነበረው ልጅ ተመትቶ ተቀመጠ። «ዘውዴ፣ ውሃ ይዘሃል?» አለኝ። የውሃ ቅሌን ሳወጣ ዓይኑ ፈጥጦ ቀረ። ቅሌን መልሼ ያዝኩና ተኮስኩ። ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። በመጨረሻ ወደ መጡበት ቁልቁል ሸሹ። አልተከተልናቸውም።

ቀድመው ያለፉ ጥቂት ፈረሰኞች በታችኛው የፍየል መንገድ ሰፈር ድረስ ደርሰው ነበር። ያገኙት ባዶ ጎጆና የሚነድድ ደመራ ነው። ካቡን ከበው አዩት፤ እዚያ የቀሩት ጠባቂዎች ተኮሱባቸውና ተመለሱ። የእማማ ወርቄን ጠላ ጠጥተውባቸዋል። እሳቸው ከሁሉም ይህን አልረሱትም።

ከበሩ ሰዎች አንድ ብቻ በሕይወት አገኘን። ሀብቴ ይባላል፤ ጭኑን ተመትቶ ከቋጥኙ ሥር ተጋድሟል። ገመዳ ከእሱ አጠገብ በደረቱ ተኝቷል፤ ስናድሩ ከእጁ አልወጣም። ዝናሩን ዳሰስኩት፤ ባዶ ነው። ቆጣቢው ሰው አንድም አላስቀረም። ጥይቶቹ ተጠቅልለውባቸው የነበሩት ቁራጭ ቆዳዎች ግን ከድንጋዩ ላይ በደንብ ተደራርበው ተቀምጠው ነበር፤ እንዳይበሩም ጠጠር ጭኖባቸዋል። ለሌላ ጊዜ ይሆናሉ ብሎ ነው።

ሻምበል ተንበርክከው የሀብቴን ጭን እያሰሩ «ለምን አልወረዳችሁም?» አሉት። «መልስ ካላያችሁ ውረዱ ብዬ አልነበረም?»

ሀብቴ ግራ ተጋብቶ አያቸው። «መልስማ አየን እንጂ፣ ጌታዬ። እኛ እንደለኮስን ወዲያው በራ። እኔ ‹ዛሬ ደመራ አይደለም እንዴ?› አልኩት። ገመዳ ‹ደመራውማ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከዚህ አይታይም። ያ የሻምበል እሳት ነው። አዩን፤ ይመጣሉ› አለ። ከዚያ በሩን ያዝን።»

ሻምበል ቁስሉን አስረው ጨረሱ። ጋቢያቸውን አውልቀው ገመዳን አለበሱት። ከዚያ ከድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ሆኖ ሰፈራችን ፊት ለፊት ይታያል። ደመራችን ገና ይነድድ ነበር።

ሲነጋ የሞቱትን ቆጠርን። በሩ ላይ ገመዳና ሁለት ጓደኞቹ። ከሮጥነው መካከል ሁለት። ከሰፈሩ ሕዝብ አንድም ሰው አልሞተም። ሽፍቶቹም በሩ ላይ ትተዋቸው የሄዱ ሙታን ነበሩ፤ እነሱንም ቀበርናቸው፤ የእናት ልጆች ናቸው።

ለእህቴ የነገርኳት እኔ ነኝ። ለገመዳ የሚላከውን የመስቀል ምግብ በጨርቅ አስራ ጎጆዋ በር ላይ ተቀምጣ ነበር። ቁራጭ ቆዳዎቹን እጇ ላይ አኖርኩላት። ሀብቴ ያለውንም አልደበቅኋትም። ለረጅም ጊዜ ቆዳዎቹን አንድ በአንድ እያነሣች አየቻቸው።

«መልሱን አይቶ ነበር?» አለችኝ።

«አይቷል።»

«እንግዲያው ብቻዬን ቀረሁ ብሎ አልሞተም።»

ቆዳዎቹን እንደገና ደረደረቻቸው። ከዚያ «ባያየው ግን ወደ ቤቱ ይመጣ ነበር» አለች። ያን ጊዜ አለቀስኩ። እሷ ያለቀሰችው ከብዙ ቀን በኋላ ነው።

ሻምበል ከቀብር መልስ ልብሳቸውን ሳይለውጡ ከገደል ሥር የተረፈ ጥድ ቆርጠው በትከሻቸው ተሸክመው ወጡ። ክምሩን ራሳቸው ጀመሩት። እኛም ተከተልናቸው። በማግሥቱ ሥርዓቱን ለወጡት፤ የመልሱ እሳት ሁለት ጊዜ እንዲሸፈንና ሁለት ጊዜ እንዲገለጥ አደረጉ፤ ደመራ እንዲያ አይደረግምና። አንድ ነገርም ጨመሩ። «ከዚህ አንዲት እንጨት ከማንሣታችሁ በፊት የካ ያለው ሰው ይወቅ። ዝናብ ቢሆንም፤ በዓል ቢሆንም።» አባ ነገ ማለቱን ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም ሳይከለክለን ተውነው።

ጦሩ አዋሽ ሲጎድል ተመለሰ። ሚስቶቹ ባሎቻቸውን አገኙ። በየጠላ ቤቱ ክርክር ሆነ። አንዱ «ሰው ያስባል፣ እግዜር ይፈጽማል፤ ያ ሁሉ ዝግጅት ምን ጠቀመ?» ይላል። ሌላው «ያ ዝግጅት ባይኖር ሚስትህን ከየት ታገኛት ነበር?» ይለዋል። እማማ ወርቄ ለሁለቱም ጠላ ቀድተው ዝም ያሰኟቸዋል። እኔ ለማንም አልፈረድኩም። ሁለቱም ያሉት እውነት ነው። የሻምበል መላ ለጉሙ ቦታ ነበረው፤ ለዝናቡም ቦታ ነበረው። ለናፍቆት ግን ቦታ አልነበረውም። በግንቦት የተወጠነ ነገር መስከረም ላይ የሴቶቹ ልብ ምን እንደሚሆን ከየት ያውቃል? የቀረውን የሞላልን አንድ ሰው ባልንጀራውን ማወቁ ነው። ገመዳ ጥይት እንደማያባክን ባናውቅ ኖሮ ስንስቅ ይደርሱብን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሌላም ጦር ሜዳ አይቻለሁ፤ የበለጠ ሰው የሞተበትም አለ። ሲመሽ የሚታወሰኝ ግን እሳት ዳር እርጥብ ጋቢውን እያወለቀ ቆሎ የሚዘግን ሰው ነው። የካ ግርጌ አበባው ዛሬም ይወጣል፤ ባሕር ዛፉ ካልደረሰበት።

ንጉሡና ሰፈሩ ወደ ፍልውሃ ሲወርዱ እኔና የሺ አልወረድንም፤ የካ የገመዳ አባት ማሳ ላይ ቀረን። የሺ ሌላ ባል አላገባችም። በየዓመቱ የደመራ ዕለት ጠዋት፣ ሰው ሳይነሣ፣ ከደጇ ወጥታ ወደ ኮረብታው ጫፍ ቀና ትላለች። ደመራው በዚያ ዓመት የት እንደሚለኮስ ትነግረዋለች። መጀመሪያ ስሰማት አእምሮዋ የተነካ መስሎኝ ነበር። ኋላ ገባኝ፤ ያን ዓመት ሳይነገር የቀረውን መልእክት ነው የምታደርሰው።

እሷ ካረፈች ወዲህ እኔ አደርሳለሁ። ዘንድሮም በምርኩዜ ወጥቼ ተናግሬያለሁ።

«ገመዳ፣ ዛሬ ደመራው ከሜዳው ላይ ነው። መልስ አይደለም። ወደ ቤትህ ውረድ።»